በካኖፖስ የተጠጣው ጥያቄ

ጀልባዋ የእስክንድርያን ምሥራቃዊ በር ወደ ኋላ ትታ ወደ ካኖፖስ የሚወስደውን ረጅም ቦይ ስትይዝ ጉሙ ከውሃው ላይ ገና አልተነሣም ነበር። ባለ ጀልባው ፓስዮን ዘንጉን ከጭቃው እየተከለ ሲገፋት፣ ሌላ ሰው በተኛው እንቅልፍ ውስጥ የምትንሸራተት ትመስል ነበር። ደንገሉ ከግራና ከቀኝ ብቅ ይልና መልሶ ይሟሟል። እንደ ሰፌድ የሰፉት የውሃ አበባ ቅጠሎች የጀልባዋን ጎን እየታከኩ ያልፋሉ። ከማይታይ ሌላ ጀልባ የዋሽንት ድምፅ ይመጣል፤ ወደ በዓል የሚሄዱ ይሁኑ ከበዓል የሚመለሱ አይታወቅም።

ታይሳሪዮን ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጣ፣ ሰባት የደንገል ጥቅልሎች የያዘውን የቆዳ ማኅደር በጉልበቷ ላይ አቅፋለች። አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት ናት። በፈላስፋው በኔሜሲዮን ቤት ባሪያ ሆና ተወልዳ፣ በእሳቸው ቃል ነፃ ወጥታ፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ አንባቢያቸውም ጸሐፊያቸውም እርሷ ናት። እሳቸው ከኋላዋ ግራጫ ካባቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደማያዩት ውሃ አዙረው ተቀምጠዋል።

«እሜቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ፓስዮን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኝህ ሽማግሌ ከአምላኩ ቤት ሊተኙ ነው የሚሄዱት?»

«እሳቸው አይተኙም። የምተኛው እኔ ነኝ።»

«ለራስሽ?»

«ለእሳቸው። የእሳቸውን ጥያቄ ይዤ።»

«ወይ ጉድ! ሀብታም በሰው ጉልበት ሲያርስ አይቻለሁ። በሰው ዓይን መተኛትም መጣ?»

«ስማ ወዳጄ» አሉ ኔሜሲዮን ፊታቸውን ሳያዞሩ፤ ጆሯቸው አልደከመም። «በሰው ዓይን ሳነብ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በሰው ዓይን ብተኛ ምን ይደንቅሃል? ሥርዓቱ የቆየ ነው። እንቅልፍ የከዳው ሰው ወኪል ይልካል።»

«እርስዎስ ሌሊቱን ምን ሊሠሩ?»

«ሳስብ አድራለሁ።»

«ልፋቱን ለራስዎ አስቀርተው ዕረፍቱን ለእርሷ ሰጧታ! እንዲህ ያለ ጌታ ለኔም በሰጠኝ።»

ኔሜሲዮን ሳቁ። ታይሳሪዮን ግን አልሳቀችም። በማኅደሩ ውስጥ ያለውን የምታውቀው እርሷ ናት።

ሰባቱ ጥቅልሎች የክርስቲያኖችንና የዕብራውያንን ቅዱሳት መጻሕፍት መስመር በመስመር የሚነቅፉ የዘጠኝ ዓመት ሥራ ናቸው። ለነቀፋው የተፈለገውን መጽሐፍ ያዋሱት ኤውዳይሞን የተባሉ የሰዋስው መምህር ነበሩ፤ ክርስቲያን ናቸው፤ የኔሜሲዮንም የወጣትነት ጓደኛ። በየዘጠኝ ቀኑ የተጠረዘውን ብራና በካባቸው ሥር ሸጉጠው ይመጣሉ፤ የጠጠር መጫወቻ ገበታው ይዘረጋል፤ ክርክሩ ይጀመራል። ታይሳሪዮን በመካከላቸው ተቀምጣ እያነበበች፣ ከሁለት ሽማግሎች የሚወጣውን ቃል ትለቅም ነበር።

«ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ከሆነ የፊተኞቹን ሦስት ቀኖች በምን ቆጠራችኋቸው?» ይላሉ ኔሜሲዮን።

«አንተ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥተህ አታውቅም ማለት ነው» ይላሉ ኤውዳይሞን ጠጠራቸውን እየገፉ።

«አምላካችሁ ክፉና ደግን መለየት ለሰው ነፈገ። ከልጁ ፊደል የሚደብቅ አባት የት አየህ?»

«አንተ ልጅ አላሳደግህም። ከልጅ የሚደበቅ ቢላዋም አለ።»

«ይህ ነው የናንተ ነገር! የኛ አማልክት በጥንቱ መዝሙር ሲደባደቡ ‹ነውር› ትላላችሁ፤ የናንተው ሲቆጣ ‹ምሥጢር አለው› ትላላችሁ። ምሥጢር መፍታትን እኮ ከኛ ነው የተማራችሁት።»

«ጥሩ አስተማራችሁን። ተራህ ነው፤ ተጫወት።»

አሁን ግን ጠጠሩ ተሰብስቧል። የክርስቲያኖች መጻሕፍት እንዲቃጠሉና መምህራኖቻቸው እንዲታሰሩ የቄሣር አዋጅ ከወጣ ሁለት ወር ሆነ፤ ኤውዳይሞንም በአገረ ገዥው ወህኒ ናቸው። የአገረ ገዥው ዋና ጸሐፊ ስለ ሰባቱ ጥቅልሎች ሰምቶ፣ ከነገ ወዲያ በችሎቱ አደባባይ፣ በእስረኞቹ ፊት እንዲነበቡ ጠየቀ። የከተማዋ ሊቅ መጽሐፋቸውን ካፈረሰው በኋላ ፍርዱ ይከተላል፤ ሕዝቡም ያለ ምክንያት ተገደሉ አይልም። ኔሜሲዮን እንቢ ለማለት አልደፈሩም፤ እሺ ለማለትም አንደበታቸው ተያዘ። «ሳራፒስ ይጠየቅ» አሉ። ጸሐፊውም በካኖፖሱ ቤተ መቅደስ የሕልም መዝጋቢ የታተመ ማስረጃ እንዲመጣለት አዘዘ። አምላኩ ከፈቀደ ይነበባል፤ ከተነበበም ኤውዳይሞን ወይ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ወይ ወደ ሰይፍ ይሄዳሉ።

ታይሳሪዮንን ከሁሉ በላይ የሚያቃጥላት አምስተኛው ጥቅልል ነበር። አንድ ምሽት ኤውዳይሞን ጨዋታውን አቋርጠው፣ በመጽሐፋቸው ውስጥ የተሸነፈች ከተማ ሕፃናት እንኳ ምሕረት ያላገኙበት አንድ ስፍራ እንዳለ፣ እርሱም በስተርጅና እንቅልፍ እንደሚነሣቸው ለጓደኛቸው በሐዘን ነግረው ነበር። ያ ቃል አሁን በአምስተኛው ጥቅልል ውስጥ፣ «ከመምህሮቻቸው አንዱ ራሱ እንዳመነው» ከሚል አርእስት ሥር ይገኛል። ኔሜሲዮን አስጻፉ፤ እርሷ ጻፈች። የሰውን ልብ በቀለም ነክራ ያወጣችው የራሷ ብዕር ነው።

እኩለ ቀን ሲሆን ካኖፖስ ደረሱ። የሕልም መዝጋቢው ፔተሚን ጭንቅላታቸውን የተላጩ፣ የበፍታ ልብሳቸው ከሰውነታቸው የነጣ ሽማግሌ ካህን ነበሩ። ከቅጥሩ ደጃፍ ተቀብለው ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ።

«ፈላስፋ መጣብን!» አሉ። «እናንተ እኮ ‹ሕልም ከሆድ እንፋሎት ነው› ትላላችሁ አሉ። ምን እግር ጣላችሁ?»

«ሲጨንቅ እንፋሎትም ይጠየቃል፣ አባቴ» አሉ ኔሜሲዮን።

«ደግ ነው። የመጣ አይመለስም። ጥያቄው ተጽፏል?»

«በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ዓይኔ ባያየውም እጄ ያውቀዋል።» ከብብታቸው የታጠፈ የደንገል ቅጠል አወጡ።

ሥርዓቱ ይህ ነው፤ የጠያቂው ቃል በጥላሸት ቀለም ይጻፋል፤ ቅጠሉ በጣፋጭ የወንዝ ውሃ በተሞላ ሳህን ይታጠባል፤ የሚተኛው ያንን ውሃ ይጠጣዋል። ጥያቄው በሰውየው ደም ውስጥ ሆኖ ወደ አምላኩ ይገባል። ከዚያ በፊት አፍ ታጥቦ የዝምታ መሐላ ይፈጸማል፤ ሕልሙ ለመዝጋቢው እስኪነገር ድረስ አንዲት ቃል ከተናገረ ሁሉም ከንቱ ነው።

ታይሳሪዮን አፏን ታጠበች፤ ማለች። ፔተሚን ቅጠሉን ዘርግተው ወደ ሳህኑ ሲያወርዱት ከፀሐዩ በኩል ገለበጥ አለና ጀርባው ታየ። የራሷ የእጅ ጽሕፈት ነበር።

ቅጠሉ ዘጠኝ ዓመት የሆነው የነቀፋው የመጀመሪያ ቅጠል ነበር። ኔሜሲዮን እንደ ድሮ ሊቃውንት ሁሉ ቆጣቢ ናቸው፤ አንድ ፊቱ የተጻፈበት ደንገል ሁለተኛ ፊቱ ሳይጻፍበት አይጣልም። ከሣጥኑ በዳበሳ አውጥተው በባዶው በኩል ጥያቄያቸውን ጽፈዋል። በዚህኛው ፊት ያለውን ግን እርሷ በቃሏ ታውቀዋለች። ከሁሉ አስቀድሞ ብርሃን በቃል ብቻ የታዘዘበት፣ ታዝዞም የመጣበት ያ የመጽሐፉ መክፈቻ መስመር ተገልብጦበታል። ከሥሩ ለነቀፋው የተተወ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። በባዶው ቦታ አንዳች ፊደል አልገባበትም። ሰባቱም ጥቅልሎች የሚጀምሩት ከዚህ መስመር በኋላ ነው።

አፏን ልትከፍት ቃጣት። መሐላው ያዛት። ሳህኑን ልትገፋው ትችል ነበር፤ እጇ ግን አልተነሣም። ቀለሙ ከሁለቱም ፊት እየለቀቀ፣ ጥያቄውና መስመሩ እንደ ሁለት ጭስ ተጠማዝዘው በውሃው ውስጥ አንድ ሆኑ፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚለይ ዓይን አልነበረም። ፔተሚን ሳህኑን ሰጧት። ጥላሸትና ሙጫ ይሸታል። እስከ አተላው ጠጣችው፤ ሲመሽም በአዕማዱ መካከል በተነጠፈው ሰሌን ላይ ተጋደመች።

ሕልሙ የመጣው በማንበቢያቸው ክፍል መልክ ነው። ክፍሉ በውሃ ተሞልቷል፤ ውሃው ደረቷ ላይ ይደርሳል። ጨለማ ነው፤ ጨለማው ግን አያስፈራም፤ ገና ምንም ሊሆን ያልወሰነ ነገር ይመስላል። ጥቅልሎቹ ተፈትተው ይንሳፈፋሉ። ኔሜሲዮንና ኤውዳይሞን በጠጠር ገበታው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ዕውሮች ናቸው። ጠጠሮቹ ከገበታው እየተነሡ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። «አንብቢ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። ብራናውን ብትገልጠው ፊደል የለበትም። ቢሆንም አነበበች። ድምጿ ከከንፈሯ ሲለይ ገጹ ይታይ ጀመር፤ መብራት ሳይኖር፣ መስኮት ሳይከፈት፣ ፀሐይ ገና የት እንደምትሰቀል ሳይታወቅ። የኤውዳይሞን ጢም ውሃ ያንጠባጥባል። የመምህሯ አፍ ተረት እንደሚሰማ ሕፃን ተከፍቷል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሳራፒስ ቆሟል፤ እንደ ቤተ መቅደሱ ምስል የእህል መስፈሪያ በራሱ ላይ ደፍቶ፣ ውሃው ከወገቡ። አልተናገረም፤ አላዘዘም። ጆሮው እንደከበደ አዛውንት ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

ስትነቃ በአዕማዱ መካከል ማለዳ ሆኗል። እጇን ይዘው ወደ መዝገብ ክፍሉ ወሰዷት። ፔተሚን ብዕራቸውን ቀርጸው ጠበቋት፤ ኔሜሲዮን እንደ ሥርዓቱ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠዋል፤ መስማት እንጂ መናገር አይፈቀድላቸውም። ያየችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። የካህኑ ብዕር ከቃሏ እኩል ሮጦ ቆመ።

«አምላኩ ተናገረ?»

«አልተናገረም።»

«ተቆጣ?»

«አልተቆጣም። አዳመጠ።»

ፔተሚን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሠላሳ ዓመት ስመዘግብ አዳመጠ ሲባል ገና መስማቴ ነው። ፍቺው ግን ግልጽ ነው። የምታነቢው የጌታሽን ሥራ ነው፤ አንቺ አንባቢው ነሽና። አምላኩ ጆሮውን ከሰጠው፣ ሥራው በሰውም ፊት እንዲሰማ ፈቅዷል። ይነበብ።» ሰሙን ወደ ፋናው አስጠጉት፤ መቅለጥ ጀመረ።

ሰሙ ጠብ ሊል ነው። ከታተመ በኋላ ማንም አይፈታውም።

«አባቴ፣ አልጨረስኩም» አለች። «የጠጣሁት አልተጻፈም።»

«ጥያቄውን ነዋ የጠጣሽው!»

«ቅጠሉ ሁለት ፊት ነበረው። በጀርባው የክርስቲያኖች መጽሐፍ መክፈቻ ነበር፤ እኔው የጻፍኩት። ሳህኑ ውስጥ ሲገባ አየሁት። አይቼም ጠጣሁት። በሕልሜ ያነበብኩት የመምህሬን ሥራ አይደለም። ያንን መስመር ነው። አምላኩ ያዳመጠውም እሱን ነው።»

ፔተሚን ሰሙን ከእሳቱ መለሱት።

«አንቺ ሴት፣ ይህ ቃል ከዚህ ክፍል ቢወጣ የት እንደሚያደርስሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ኤውዳይሞን እዚያ ናቸው።»

መጋረጃው ተገፈተረ። ኔሜሲዮን አምዱን እየዳበሱ ወጡ። «ቅጠሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ጥፋት ካለ በኔ ይጻፍ።»

«ዝም ይበሉ! ሥርዓት አለ!»

«ሥርዓቱ ፈርሷል፣ አባቴ። ሁለት ጥያቄ በአንድ ሳህን አጠጥተናታል።»

ካህኑ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ እንደ ወንዝ ዳር ሰው በቀላል ቋንቋ «እስኪ ንገሩኝ» አሉ። «ከዚያ መስመር ሥር ምን ብለው ጽፈው ነበር?»

«ምንም።»

«በዘጠኝ ዓመት?»

«በዘጠኝ ዓመት። ጠዋት ጠዋት አንብቢልኝ እላታለሁ፤ ታነብልኛለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ እላታለሁ። በሌላው ሁሉ ላይ የምለው አለኝ። ያልኩትንም ሁሉ አምንበታለሁ፤ አንዱንም አልመልስም። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ግን... እንዲህ አድርጎ ስለ አምላክ ለመናገር የሚደፍር ሰው ከኛ ወገን ለምን አልተወለደም እያልኩ ዝም እላለሁ።»

«የደጁን መቃን ሳይነቀንቁ ጣሪያውን አፍርሻለሁ ይሉኛል!» አሉ ፔተሚን። ነገራቸው ስድብ ቢሆንም ድምፃቸው ውስጥ አንዳች ርኅራኄ ነበረበት። አዲስ ቅጠል ሳቡና እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ጥያቄው ንጹሕ ሆኖ አልቀረበም። አምላኩ አልፈቀደም፤ አልከለከለምም።» አተሙት። ሕልሙን የመዘገቡበትን ቅጠል ደግሞ አራት ጊዜ አጥፈው በበፍታቸው እጥፋት ከተቱት። «ይህ ለአይጦቹ ነው። ሂዱ። ቀሪውን ግን ከእንግዲህ በአምላክ አታሳብቡ።»

ጀልባዋ ስትመለስ ቀትር አልፎ ነበር። ውሃው ከብርሃኑ ብዛት የተነሣ ምን ያህል እንደሚጠልቅ አይታወቅም። ፓስዮን ሁለቱን አየና ቀልዱን ዋጠው። ታይሳሪዮን ማኅደሩን እንደ ታመመ ልጅ አቅፋ ብዙ ከተጓዘች በኋላ ተናገረች።

«የኔታ፣ አምስተኛው ጥቅልል ላይ ያለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከፈቀዱልኝ ሰፍነጉን ነክሬ አሁን ላጥፋው። ቀለሙ በውሃ ይለቃል።»

«ያስጻፍኩሽ እኔ ነኝ። አታጥፊው። ብናጥፋው ከዳኛው ይደበቃል፤ ከኤውዳይሞን አይደበቅም። እንደ ሌባ አንደብቀው። እሱ ራሱ ሰምቶት ይጥፋ ካለ ይጠፋል።»

«ዋና ጸሐፊውስ? ነገ ጥቅልሎቹን ይጠይቃል።»

ኔሜሲዮን ፊታቸውን ወደ ሞቃቱ ነፋስ ሰጡ። «ጻፊ» አሉ።

በጉልበቷ ላይ ቅጠል ዘረጋች።

«ለክቡር የአገረ ገዥው ዋና ጸሐፊ፣ ከፈላስፋው ኔሜሲዮን። ሳራፒስ አልመለሰልኝም፤ የታተመው ማስረጃ ከዚህ ጋር አለ። እንግዲህ መልሱ የኔ ነው። ሥራዬ በችሎት አይነበብም፤ አላለቀምና። በመጀመሪያው መስመር ላይ የምለውን አላገኘሁም፤ የሚከራከረኝ ሰው በወህኒ ስላለ ላገኝም አልችልም። የሞተ ሰው መልስ ስለማይሰጥ፣ ሬሳን በክርክር ረታሁ የሚል ሊቅ ለከተማችን መሳለቂያ ነው። ስለዚህ መምህር ኤውዳይሞን በሕይወት...»

ታይሳሪዮን ብዕሯን አንሥታ ጠበቀች።

«በሕይወት ይሰጠኝ ልበል?» አሉ። «ልመና ይመስላል?»

«ልመና ነው እኮ፣ የኔታ።»

«እሺ። ልመና ይሁን። ጻፊው።»

ጻፈች። ፊርማቸውን በዳበሳ አኖሩ። የከተማዋ ግንብ ከብርሃኑ ውስጥ ብቅ ሲል ፓስዮን ጀልባዋን ወደሚያውቀው የቤታቸው ወደብ ሊያዞር ቃጣው።

«ወደዚያ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ወደ ወህኒው ደረጃ።»

«ጌታዬ፣ እዚያ እኮ በገዛ እግሩ የሚወርድ የለም!»

«እንግዲያ ወረፋ የለበትም። ግፋ።»

በደረጃው ላይ ሁለት ወታደሮች ጥላ ሥር ተቀምጠው ሽንብራ ያላምጡ ነበር። ኔሜሲዮን የታይሳሪዮንን ክንድ ለቀው፣ ቀለሙ ያልደረቀውን ደብዳቤ እንደ ተሞላ ዋንጫ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ በእግራቸው እየፈተሹ ወጡ። እርሷ ማኅደሩን ታቅፋ ከኋላቸው ተከተለች።

«ሽማግሌ፣ ማንን ፈልገህ ነው?» አለ አንደኛው ወታደር አፉን እየጠረገ።

«ይህ ደብዳቤ ለዋና ጸሐፊው ይድረስ። እኔ ደግሞ ከመምህር ኤውዳይሞን ጋር ያልጨረስኩት ጉዳይ አለኝ። መልሱ እስኪመጣ እዚሁ እንጨርሰዋለን።»

«ወዳጁ ነህ ወይስ ከሳሹ?»

ኔሜሲዮን አሰቡ። «እሱን ልጠይቀው ነው የመጣሁት» አሉ። «ወንበር አለ?»

ወታደሩ ከጓደኛው ጋር ተያይቶ ሳቀ። «መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት። ለሊቅም ለደንቆሮም ያው መሬት ነው።»

«መሬት ጥሩ ነው።»

ደብዳቤውን ተቀበላቸው። የሁለተኛው ወታደር ቁልፍ ጮኸ፤ በሩ ዝቅተኛ ነበርና ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ገቡ። ታይሳሪዮን ከደፉ ላይ ቀረች። ከውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም። በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ለሌላው ቦታ ሲለቅ የጭድ ኮሽታ ሰማች።